ሽማግሌ ቢሳሳት ዋሸ ይባላልን?

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ፣ ሰላታቸውን የማያጓድሉ፣ ጎረቤት የሚያከብራቸው አንድ አዛውንት በሽማግሌዎች ፊት ቀርበው «በዓይኔ አየሁ፣ በእጄ ቆጠርሁ» ሲሉ መሰከሩ እንበል። ከመሰከሩትም ውስጥ ከፊሉ ፈጽሞ ያልነበረ መሆኑ በማስረጃ ተረጋገጠ። እኚህን ሰው ምን እንላቸዋለን? ዋሹ ነው የምንለው? ጃጁ ነው የምንለው? ወይስ ነገሩ ሌላ ስም አለው?

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ አይደለም። በዚህ ጸሐፊ ቤተሰብ ውስጥ የደረሰ፣ በዚህ ጸሐፊ አንደበትም የከፋ ጉዳይ ነው። «የቤትን ገበና አደባባይ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም በየሰፈሩ፣ በየሽምግልናውና በየውርስ ክርክሩ ይኸው ነገር ሲደገም ስለማይ፣ የደረሰብኝን ሳይሆን ያደረስሁትን ብናገር ይሻላል ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መኖሪያቸው ሥላሴ አካባቢ፣ መስፊያ ሱቃቸው ፒያሳ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ በየማለዳው ከቤታቸው ወጥተው፣ አራት ኪሎን አቋርጠው፣ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደው፣ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ይወጡ ነበር። ማታም በዚያው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ «ሐጂ» እያልሁ ነው ያደግሁት።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ግራ ቀኙ ተለወጠ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ የአጎቴ ሱቅ ያለበት ረድፍም አብሮ ሄደ። ሱቅ ሲፈርስ ሒሳብ ይነሣል። ለብዙ ዘመን «ይቆይ» ሲባል የኖረ ብድርና ሽርክና ሁሉ በዚያ ሰሞን መወራረድ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ በሁለት ሟች ነጋዴዎች መካከል የነበረ የ6 ሺህ ብር ብድር ነው። የአበዳሪው ልጆች የአባታቸውን ደብተር ሲገልጡ ብድሩ ተጽፎ አገኙት፤ መመለሱ ግን አልተጻፈም። የተበዳሪው ሚስት፣ በእናቶቻችን ዕድሜ ያሉ መበለት፣ «ባሌ ከፍሏል፤ የከፈለውም በሐጂ ሱቅ ውስጥ ነው» አሉ። ስለዚህ አጎቴ ለምስክርነት ተጠሩ። እኔም ተምሯል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንሁ።

አጎቴ ሳያመነቱ ተናገሩ። «በ1987 ዓ.ም. ነው። ዐረፋ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ። ገንዘቡን እኔ ነኝ የቆጠርሁት፤ 6 ሺህ ብር ሙሉ ነበር። የተቋጠረው በተቆረጠ የኮት እጅጌ ነው። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴውም እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር» አሉ።

ጨርቅ ነጋዴው ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን በልጅነቴ ከቤታቸው ስገባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የማየውን ፎቶግራፍ አስታውሳለሁ። ለሐጅ ሄደው ሳለ ኢሕራም ለብሰው የተነሡት ነው፤ ከሥሩም 1987 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበታል። ከሽምግልናው በፊት ለሌላ ጉዳይ ከዚያ ቤት ገብቼ ስለነበር ጽሑፉን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል! በዐረፋ ዋዜማ መካ ያለ ሰው እንዴት ሆኖ ፒያሳ በርጩማ ላይ ይቀመጣል?

ይህንኑ ተናገርሁ። ከአበዳሪው ልጆች አንዱ «የቀረውም እንዲሁ ነዋ!» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የአጎቴ ቃል በሙሉ ተተወ። መበለቲቱም ገንዘቡን በየወሩ እየከፈሉ እንዲጨርሱ ተወሰነ።

አጎቴ ምንም አልመለሱም። ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት ከጁምዓ በቀር ከቤት አልወጡም። ከሰላት በኋላም እንደ ወትሮው ቆመው ማውጋቱን ተዉት።

የሚታወቀው ያልታየውን ሲሞላ

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ማስታወስ የተደረጉ ጥናቶችን ማገላበጥ የጀመርሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ያነበብሁት አጎቴን ለመርዳት ሳይሆን ራሴን ነጻ ለማውጣት ነበር። ያገኘሁት ግን የፈለግሁትን አልነበረም።

አብዛኞቻችን ትውስታን እንደ ፎቶግራፍ እንቆጥረዋለን። ያየነው ነገር ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ስንፈልገው እናወጣዋለን፤ ዕድሜ ሲገፋ ይደበዝዛል እንላለን። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት ግን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን አሳየ። ለእንግሊዛውያን አንባቢዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ሰጥቶ፣ ጊዜ እያሳለፈ እንዲደግሙት አደረገ። እነርሱም በደገሙት ቁጥር እንግዳ የሆነባቸውን እየጣሉ፣ በለመዱት እየተኩ፣ ተረቱን የራሳቸው አገር ተረት አስመሰሉት። የዚያ አገር ሰዎች ታንኳ እንኳን ተራ ጀልባ ሆነ። ማንም ሊያታልል አላሰበም። አእምሮ ያጣውን በሚያውቀው ስለሚሞላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ብሩወርና ትሬየንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አስቀመጧቸው። ከዚያም ወደ ሌላ ክፍል ወስደው «በቢሮው ውስጥ ምን ነበር?» ሲሉ ጠየቋቸው። ከተማሪዎቹ መካከል መጻሕፍት ማየታቸውን የተናገሩ ነበሩ። በቢሮው ውስጥ ግን መጽሐፍ አልነበረም። የምሁር ቢሮ መጽሐፍ እንደማያጣ ስለሚያውቁ፣ በዓይናቸው ፈንታ ዕውቀታቸው መሰከረላቸው። ልብ በሉ! እነዚህ ወጣቶች ናቸው። የተጠየቁትም አሁን ስላዩት ነገር እንጂ ከሠላሳ ዓመት በፊት ስላዩት አይደለም።

እንግዲህ ጨርቅ ነጋዴው በርጩማው ላይ መቀመጣቸው እንደዚያ ቢሮ መጻሕፍት መሆኑ ነው። በአጎቴ ሱቅ ገንዘብ ሲቆጠር፣ ውል ሲታሰር፣ ሻይ ሲጠጣ እኚያ ጎረቤት ሁልጊዜ እዚያው ነበሩ። አጎቴ ያን ዕለት ሲያስቡት፣ ሁልጊዜ የነበሩትን ሰው በሁልጊዜ ቦታቸው አስቀመጧቸው። ስህተታቸው ያን ሱቅ ካለማወቅ አልመጣም፤ እጅግ አድርጎ ከማወቅ የመጣ ነው።

ወጣቱና ሽማግሌው የሚለያዩበት

«ይህ የሁሉም ሰው ጠባይ ከሆነ፣ ታዲያ ዕድሜ የሚለውጠው ምንድን ነው?» ሊባል ይችላል። ተመራማሪዎች የሚሉት ይህን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የአንድን ክስተት ዝርዝር አጣምሮ መያዝ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ የሚለውን ማሰር እየላላ ይሄዳል። ሰው በዕድሜው ያካበተው ዕውቀት ግን እንዲሁ አይላላም። የቋንቋው ሀብት፣ የሙያው ብልሃት፣ የሰው ጠባይ መመዘኛው ብዙ ዘመን ጸንቶ ይቆያል፤ አንዳንዱም ይጨምራል። ስለዚህ ሽማግሌ ዝርዝሩ ሲያመልጠው ወደ ጸናው ዕውቀቱ ይደገፋል። እዚህ ላይ እንደ ሕመም የሚቆጠረው የመርሳት በሽታ ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪም ያሻዋል። እኔ የምናገረው ጤነኛ ሆኖ ስለሚያረጅ ሰው ነው።

አላን ካስቴል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት ይህን በገበያ ቋንቋ ያስረዳል። ወጣቶችና አረጋውያን የምግብ ሸቀጦችን ከነዋጋቸው እንዲያጠኑ ተደረገ። ከሸቀጦቹ ከፊሎቹ በገበያ የሚታወቀው ዋጋ የተጻፈባቸው ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ግን ማንም የማይጠብቀው ዋጋ ተጽፎባቸዋል። ዋጋው እንደ ገበያው ሲሆን አረጋውያኑ ከወጣቶቹ አላነሱም። ዋጋው ከገበያ ሲወጣ ግን ወጣቶቹ በለጧቸው።

ይህን ሳነብ አጎቴ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። በንጉሡ ዘመን አቡጀዲና ካኪ በሜትር ስንት እንደነበር፣ ተትረን የመጣ ጊዜ የትኛው ደንበኛ ካኪ እርግፍ አድርጎ እንደተወ ጠይቋቸው፤ ይነግሯችኋል። የዛሬውን የሽንኩርት ዋጋ ግን ጠዋት ነግሬያቸው ማታ ይጠይቁኛል። እኛም «ሐጂ ረሱ» ብለን እንሳሳቃለን። ነገር ግን በዕድሜያቸው ሙሉ የገነቡት የዋጋ ሚዛን የዛሬውን ቁጥር ከየት አምጥቶ ይሸከመው? ዋጋው ከሳምንት ሳምንት በሚዘልበት ጊዜ፣ ገበያው በሙሉ ለእርሳቸው እንደዚያ ጥናት እንግዳ ዋጋ ሆኖባቸዋል።

በመንገዱም እንዲሁ ነው። ከሥላሴ ወደ ፒያሳ ታክሲ ይዘን ስንሄድ «ከወርቅ ቤቱ በላይ አውርደኝ» ይላሉ። ወርቅ ቤቱ የለም። ሾፌሩ፣ የእኔ ታናሽ የሚሆን ልጅ፣ ስልኩን ያያል፤ አጎቴ መስኮቱን ያያሉ። ልጁ አሁን ያለውን ያውቃል፤ አጎቴ የነበረውን ያውቃሉ። ቦታው ራሱ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን አስረስቷል። የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። ያን ጊዜም አሮጌውን አራዳ የሚያውቁ ሰዎች በአዲሱ መንገድ ላይ ቆመው ተደናግረው ሊሆን ይችላል።

የሽማግሌ ዕውቀት እንግዲህ እንደ ምርኩዝ ነው። በሚያውቀው መንገድ ከወጣቱ እኩል ያራምደዋል። ትናንት በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ግን ያው ምርኩዝ ይጥለዋል። ጥፋቱ የምርኩዙ ነው ወይስ የመንገዱ?

ደግሞም ምርኩዙ ከመውደቅ የሚያድንበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ማርሽና ባልደረቦቿ በተረት ውስጥ የተሳሳቱ መረጃዎችን ቀላቅለው ለወጣቶችና ለአረጋውያን ሰጡ። ቆየት ብለው ስለ መረጃዎቹ ሲጠይቁ፣ ከተረቱ የቀዱትን ስህተት አብዝተው የደገሙት ወጣቶቹ ነበሩ። አረጋውያኑ ቀድሞ የሚያውቁት እውነት ጠበቃቸው። በየዕለቱ በስልክ የሚናፈሰውን ወሬ ሁሉ ለምንቀበል ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት የደረሱበት

ይህ ሁሉ ለእስልምና ሊቃውንት አዲስ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሙሐዲሶች ሥራቸው ትውስታን መመዘን ነበርና፣ ሰውየው እውነተኛ ነው ወይ ብለው ብቻ አላበቁም። ትውስታው በየትኛው ዕድሜው፣ በየትኛው ሁኔታ ላይ ነበር ብለውም ጠይቀዋል። በእርጅና ወይም በሌላ ምክንያት የአንድ ራዊ ትውስታ ሲደበላለቅ «ኢኽቲላጥ» ይሉታል።

የኩፋው ዐጣእ ኢብኑ ሳኢብ በመጨረሻ ዕድሜያቸው ትውስታቸው ተደበላለቀ። ሊቃውንቱ ታዲያ «ዐጣእ ውሸታም ነው» ብለው አልጣሏቸውም፤ እንዲሁም «ትልቅ ሰው ናቸው» ብለው ሁሉን አልተቀበሉም። ከመደበላለቃቸው በፊት የሰሙትን ተማሪዎች፣ እንደ ሱፍያን አስ-ሰውሪና ሹዕባ ያሉትን፣ ከኋላ ከሰሙት ለዩ። የፊተኛውን ተቀበሉ፤ የኋለኛውን ከሌላ ማስረጃ ጋር አመሳከሩ። የየመኑ ዐብዱረዛቅ አስ-ሰንዓኒም በስተርጅና ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የተሰማው ደከመ፤ በመጽሐፋቸው የሰፈረው ግን ጸና።

ሊቃውንቱ ስም የሰጡት ሌላም ነገር አለ፤ «ተልቂን» ይባላል። አንድ ሰው ለራዊው የእርሱ ያልሆነውን ወሬ «ይህን ብለህ ነበር አይደል?» ብሎ ሲያጎርሰው፣ ራዊውም «አዎን» ብሎ ሲቀበል ማለት ነው። የተዳከመ ትውስታ የሚታወቅበት አንዱ ምልክት ይህ ነው። አጉራሹም እንደ ጎራሹ ይጠየቅበታል።

ኢማም ቡኻሪ ባግዳድ በገቡ ጊዜ የተፈተኑበት ታሪክም ብዙዎቻችን የሰማነው ነው። አንድ መቶ ሐዲሶች ሰነዳቸው ተገለባብጦ በአሥር ሰዎች አፍ ቀረቡላቸው፤ ኢማሙም ሁሉንም ወደየቦታው መለሱ ይባላል። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በዚህ ላይ ያስተዋሉት ግን ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ቡኻሪ ትክክለኛውን ማወቃቸው አያስደንቅም፤ ቀድሞም ያውቁት ነበርና። የሚያስደንቀው የተገለባበጠውን፣ ስህተት የሆነውን፣ አንዴ ሰምተው በተነገራቸው ቅደም ተከተል መድገማቸው ነው። ዕውቀት የሚደግፈው ነገር ቀላል፣ ዕውቀት የማይደግፈው ነገር ከባድ መሆኑን ሊቁ ከካስቴል ስንት መቶ ዓመት ቀድመው አዩት!

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካኝ ግን የበስራው የጀሪር ኢብኑ ሓዚም ታሪክ ነው። ትውስታቸው በተደበላለቀ ጊዜ ልጆቻቸው ሰው እንዳይገባባቸው ከለከሉ። ስለዚህም በዚያ ሁኔታ ላይ ሳሉ ከእርሳቸው አንድም ሐዲስ የሰማ የለም፤ ስማቸውም ንጹሕ ሆኖ ቀረ። የእነዚያ ልጆች አደብ እውነትንም አባታቸውንም አዳነ። እኔ ደግሞ አጎቴን በሰው ፊት አቀረብሁ፤ በሰው ፊትም ጣልሁ።

እንግዲህ ወደ ርእሱ ስንመለስ፣ አጎቴ ዋሹ ይባላልን? ኢማም ነወዊ እንደሚያስረዱት ኪዝብ ማለት ታስቦም ይሁን በስህተት አንድን ነገር ካለበት ሁኔታ ውጪ መናገር ነው፤ ኃጢአቱ ግን አስቦ ለተናገረ ብቻ ነው። በጥንቱ የሒጃዝ ዐረብኛም «ከዘበ» ሲሉ «ተሳሳተ» ማለታቸው የሆነበት ጊዜ አለ። የእኛ አማርኛ ግን «ዋሸ» ሲል ሐሳብን ይከስሳል። ለዚህም ነው ቋንቋችን «ሳተ»፣ «ዘነጋ»፣ «ተምታታበት» የሚሉ ሌሎች ቃላት ያሉት። ቃል ሞልቶ ሳለ ከሁሉ የከፋውን መምረጥ የተናጋሪው ኃላፊነት ነው።

ያላየነው እጅጌ

አንባቢ ሆይ፣ የአጎቴን ምስክርነት እንደገና አንብበው። ዐረፋው፣ ዐስሩ፣ ቆጠራው፣ ጎረቤቱ፤ ይህ ሁሉ በዚያ ሱቅ የተለመደ ነው። ዕውቀት ሊሞላው ይችላል። አንድ ነገር ግን አልተለመደም። ገንዘቡ የተቋጠረው በተቆረጠ የኮት እጅጌ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ በእጅጌ ተቋጥሮ የመጣ ገንዘብ ስንት ጊዜ አይተው ይሆን? ልማድ ይህን አይሞላም። ማረጋገጫ ነው አልልም፤ እንግዳ ነገርም በሐሳብ ሊፈጠር ይችላል። ነገር ግን ልንጠይቅበት የሚገባን ነገር ነበር። እኛ አልፈነው በርጩማው ላይ ተረባረብን።

ጥናቱን ካነበብሁ በኋላ መበለቲቱ ዘንድ ሄድሁ። እጅጌ የሚለውን ቃል ሳላነሣ፣ «ገንዘቡ የወጣ ዕለት የሚያስታውሱት ነገር አለ?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። ጥቂት አስበው «እኔ ነኝ የቋጠርሁለት፤ አሮጌ ኮቱን ለልጄ ሳሳጥር የተረፈው ቁራጭ ነበር» አሉ። ደነገጥሁ። ሁለቱ ቀድመው ተነጋግረውበት እንደሆነ ጠየቅሁ፤ እንዳልተነጋገሩ ነገሩኝ። ሆኖም እኔ ዳኛ አይደለሁምና ነገሩን ለሽማግሌዎቹ አቀረብሁ። እንደገና ተቀመጡ። በሱልሕ ከዕዳው ግማሹ ተነሣላቸው። ሙሉ ፍትሕ ነው አልልም። የከፈሉትን ሴት ግማሽ ደግመን ማስከፈላችን ሊሆን ይችላል። አላህ ያውቃል።

ከዚያ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ዐፍው አሉኝ አልሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስሄድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱ ነጥብ «በአክብሮት ነበር የተናገርሁት» የሚል ነው። በእርግጥም እንደዚያ ነው የማስታውሰው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ። ሻይ ታቀርብ የነበረችው ልጃቸው ሰምታኝ «ስቀህ ነው የተናገርኸው» አለችኝ። ካድሁ። ሌላም ሰው ጠየቅሁ፤ እርሱም «ፈገግ ብለህ ነበር» አለኝ።

ይህን እስካሁን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጨዋ ልጅ ነው፤ ራሴን ጨዋ አድርጌ አውቀዋለሁና። ስለ ራሴ ያለኝ ዕውቀት ባዶውን ቦታ ሞላው። አጎቴ ሁልጊዜ የነበሩትን ጎረቤት በበርጩማው ላይ አስቀመጡ፤ እኔ ሁልጊዜ አለሁ ብዬ የማስበውን ጨዋ ሰው በራሴ ቦታ አስቀመጥሁ። የእርሳቸው ስህተት ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነው፤ የእኔ ጥቂት ወራት ብቻ! ታዲያ ከሁለታችን ማን ነው ዋሾ?

አጎቴ የመለሱልኝ ቃል ግን ከሁሉ የከፋ ሆነብኝ። «ልጄ፣ እኔ ያየሁትን የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ ግን የትኛውን እንዳየሁ አንተው ንገረኝ» አሉ። እነሆ ተልቂን! ሽማግሌን በሰው ፊት ስናዋርድ፣ ስህተቱን ማረማችን ሳይሆን በራሱ ላይ ያለውን እምነት መንጠቃችን ነው። ከዚያ በኋላ ያልነውን ሁሉ «አዎን» ይላል። እውነቱም ውሸቱም ከእጁ ይወጣል። «ሐጂ፣ እኔ አልነገርዎትም፤ እጅጌውን ያዩት እርስዎ ነዎት» ብዬ ዝም አልሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሽማግሌን ስንጠይቅ ስምና ቀን እያቀበልን አናጉርሰው። ራሱ ይናገር። ሁልጊዜ ይደረግ የነበረውን ከዚያ ዕለቱ ለይቶ እንዲነግረን በእርጋታ እንጠይቀው፤ ከልማዱ ወጣ ያለ ነገር ሲነግረን ጆሯችንን እናቁም። ሁለተኛ፣ አንድ ዝርዝር ቢስት ቃሉን በሙሉ አንጣል፤ ቃሉ ትክክል የመሰለን እንደሆነም ሳናመሳክር አንቀበል። ሙሐዲሶች እንዳደረጉት መለየት እንጂ መጣልም መዋጥም ፍትሕ አይደለም። ሦስተኛ፣ ማረም ካስፈለገ ለብቻው፣ በአደብ ይሁን።

አራተኛውና ዋናው፣ እንጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ ምዕራፍ ቁጥር 282፣ ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው፤ ምስክር ሊስት እንደሚችልም በዚያው ተነሥቷል። ሟቹ አበዳሪ ብድሩን ጽፈው መመለሱን አለመጻፋቸው ስንቱን ሰው አንገላታ! ማበደራችንን በጻፍንበት ብዕር መቀበላችንንም እንጻፍ።

ሰፈራችን ሲፈርስ የሽማግሌ ዕውቀት የሚደገፍበት ግድግዳ አብሮ ይፈርሳል። ነገ ደግሞ ዛሬ የገነባነው በተራው ይፈርስና፣ እኛው በታክሲ መስኮት የሌለ ሱቅ እንፈልጋለን። ያን ጊዜ ከአጠገባችን የሚቀመጠው ወጣት እንዴት እንዲያርመን እንፈልጋለን? ዛሬ እንዲሁ እናርም።

ወላሁ አዕለም።